አንዴ ብቻ የጠየቀን ዓሣ አጥማጅ

እኔ የውሃ ሰው አይደለሁም። ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው፤ እኛ ሰፈር ውሃ ማለት ከቧንቧ የሚመጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ የማይመጣ ነገር ነበር። አንድ ቀን ቪክቶሪያ ሐይቅ መሃል፣ ሰሌዳ ላይ ቆመሽ፣ የሰው ነፍስ በእጅሽ ትሆናለች ብሎ የነገረኝ ቢኖር ኖሮ ስቄ አላባራም ነበር። ግን ሆነ። የሆነውን ሳልጨምር ሳልቀንስ አጫውታችኋለሁ፤ ፍርዱን ለእናንተ እተዋለሁ።

ጊዜው በፈረንጆቹ አቆጣጠር የሁለት ሺህዎቹ አጋማሽ ነው። ካምፓላ የሄድኩት ናካዋ ቢሮ ባለው አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ልሠራ ነበር። ሥራዬ ስልጠና ማዘጋጀት ነው፤ ማለትም አዳራሽ መፈለግ፣ ምሳ ማዘዝ፣ ፕሮጀክተሩ ሲበላሽ ይቅርታ መጠየቅ። ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም፣ አላገባሁም፤ የጂንጃ መንገድን ትራፊክ ካልቆጠርነው በቀር የሚያስጨንቀኝ ነገር አልነበረም።

አንድ ጠባይ ግን ነበረኝ፤ እናንተም ሳይኖራችሁ አይቀርም። ሰው አንድ ነገር ሲሰጠኝ መጀመሪያ እምቢ እላለሁ። ብራብም፣ ብጠማም፣ አጥብቄ ብፈልገውም እምቢ ነው። ልጅ ሆኜ እናቴ ሰው ቤት ይዛኝ ስትሄድ በር ላይ ቆም ትልና "ሲሰጡሽ ወዲያው እንዳትቀበዪ፣ የተራብሽ ይመስልብናል" ትለኝ ነበር። መግደርደር ማለት ይኸው ነው፤ ለእኛ የጨዋነት ግማሹ እሱ ነው። ሌላው ግማሽ የጋባዡ ድርሻ ነው፤ እሱ "በሞቴ" እያለ ይለምናል፣ ተጋባዡም በሦስተኛው ላይ ይረታል። ሁለቱም ወገን ድርሻውን ካወቀ ነገሩ በሰላም ያልቃል፤ ሁሉም ጠግቦ ይነሣል።

ጋሽ ጌታሁን የአባቴ የልጅነት ጓደኛ ናቸው። የውሃ መሐንዲስ ሆነው በየአገሩ ሲዞሩ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ የመጨረሻው የሥራ ቦታቸው ካምፓላ ስለነበር እዚያው ቀሩ። ሙዬንጋ ኮረብታ ላይ ከባለቤታቸው ከእትዬ አልማዝ ጋር ይኖሩ ነበር። እኔ ካምፓላ ስገባ አባቴ ደወለላቸው፤ ከዚያ ወዲህ የእሑድ ምሳዬ እነሱ ቤት ሆነ። ስልሳን አልፈዋል። ስኳር ስላለባቸው ጠዋት ጠዋት መርፌ ይወጋሉ። ከስኳሩ በተጨማሪ ዊንድሰርፊንግ የሚባል ነገር አለባቸው። "አለባቸው" ያልኩት እትዬ አልማዝን ተከትዬ ነው፤ ሁለቱንም እንደ በሽታ ነው የሚቆጥሯቸው።

ለማታውቁት፣ ዊንድሰርፊንግ ማለት ሰሌዳ ላይ ቆሞ፣ ሰሌዳው ላይ የተተከለውን ሸራ በእጅ ይዞ፣ በነፋስ ውሃ ላይ መሄድ ነው። ጋሽ ጌታሁን በወጣትነታቸው ላንጋኖ ላይ ነው የተማሩት፤ አብሯቸው ይሠራ የነበረ አንድ ፈረንጅ አስተማራቸው። ያኔ ሰሌዳዎቹ፣ እነሱ ቦርድ የሚሏቸው፣ ረጃጅም ነበሩ። በኋላ አጫጭሮቹ መጡ። ቀላልና ፈጣን ናቸው፣ ማዕበል ላይ እንደ አንበጣ ይዘላሉ። ረጃጅሞቹ የሽማግሌ ዕቃ ተባሉና በየጋራዡ ተወረወሩ። ችግሩ አጭሩ ቦርድ ብርቱ ነፋስ ካላገኘ ሰው አይሸከምም፤ ከእግር ሥር ይሰምጣል። ብርቱ ነፋስ ደግሞ በአብዛኛው ቦታ በአብዛኛው ቀን የለም።

"ስለዚህ ዓለም ሁሉ ፈጣን ዕቃ ገዛና ዳር ላይ ቁጭ ብሎ ነፋስ መጠበቅ ጀመረ" ይሉ ነበር ጋሽ ጌታሁን፤ ይህን ሲናገሩ ፊታቸው ይበራል። በዚያ ሰሞን ነገሩ እየተገለበጠ ነበር። በየአገሩ ሰዎች አሮጌዎቹን ረጃጅም ቦርዶች ከጋራዥ እያወጡ፣ እያጠቡ፣ እንደገና ውሃ ላይ እየጣሏቸው ነው የሚል፣ ከኢንተርኔት ካፌ ያሳተሙት፣ ጥጉን ወጥ የነካው ወረቀት ነበራቸው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ያስነብባሉ።

ጋባ ከሚባለው የዓሣ ወደብ አጠገብ አንዲት ትንሽ የጀልባ ክበብ ነበረች። እዚያ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ከተሰባበሩ ወንበሮችና ከባዶ ጄሪካን ሥር፣ ድሮ የነበሩ ፈረንጆች ትተውት የሄዱት አንድ ረጅም ቦርድ አገኙ። ክበቡ ውሰዱት አላቸው። ጋሽም እንደ ደንቡ "ኧረ አይሆንም" ካሉ በኋላ ማንም ደግሞ ስላልጠየቃቸው ከሳምንት በኋላ ራሳቸው ሄደው ለመኑት። ስንጥቁን ደፈኑ፤ የተቀደደውን ሸራ እትዬ አልማዝ እየተቆጡ በልብስ ስፌት መኪናቸው ጣፉት። ስሙን ሎንቺና አሉት፤ በድሮዎቹ የአዲስ አበባ አውቶቡሶች ስም። አሮጌ ነው፣ ዝግተኛ ነው፣ የመጣውን ሁሉ ይጭናል።

እኔን ማስተማር የጀመሩት ሌላ ፈቃደኛ ስላጡ ነው። እኔም የሄድኩት እምቢ ማለት ስላፈርኩ ነው። ግን ወደድኩት። ሎንቺና አይቸኩልም። ዳር ላይ ሆኖ ፊት ላይ የማይሰማ ነፋስ ይበቃዋል። ከሆዱ ወደ ውሃ የሚወርድ ሰፊ ምላስ አለው፤ ምላሱ ሲወርድ ቦርዱ ይረጋል፣ ወደ ጎን አይንሸራተትም፣ እንደ እኔ ያለ ፈሪም ቀጥ ብሎ ይቆምበታል። ውሃው ከሥር ሲንሾካሾክ ትሰማላችሁ። ሞተር የለም፣ ጡሩምባ የለም፣ ቦዳ ቦዳ የሚሉት የሞተር ብስክሌት ታክሲ የለም። ሳምንቱን ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ የቆየው ጩኸት እዚያ ነበር የሚወጣልኝ።

የዚያን ቅዳሜ ጠዋት እትዬ አልማዝ በር ላይ አንድ ትንሽ ቦርሳ ሰጡኝ። ጭማቂ፣ ብስኩትና ከረሜላ አለበት።

"ሰናይት፣ እሱን ላንቺ ነው የሰጠሁት" አሉኝ። "ላብ ካጠመቀው፣ አንድ ነገር ከደጋገመ፣ ወይ ያለ ምክንያት ከተቆጣ ስኳሩ ወርዷል ማለት ነው። ቶሎ ብለሽ ጣፋጭ አፉ ውስጥ ጨምሪበት።"

"ያለ ምክንያት መቆጣት ከሆነማ ያንቺ በየቀኑ ይወርዳል" አሉ ጋሽ ጌታሁን።

የጠዋቱ ነፋስ እንዳያመልጠን ብለው ሻይ ብቻ ጠጥተው ነበር የወጡት። መርፌያቸውን ግን ወግተዋል። "ቁርስ እዚያ እንበላለን" አሉኝ መኪና ውስጥ። ክበቡ ስንደርስ ናካቶ፣ ክበቡን የምታስተዳድረው ሴት፣ በረንዳው ላይ ሮሌክስ ይዛለች። ሮሌክስ እዚያ አገር ሰዓት አይደለም፤ እንቁላል የተጠቀለለበት ትኩስ ቻፓቲ ነው። ሁለት ነበራት።

"ኑ ብሉ፣ አንዱን ውሰዱ" አለች።

"በልተን ነው የመጣነው" አሉ ጋሽ ጌታሁን ሆዳቸውን በእጃቸው እየነኩ።

"ጠግበናል" አልኩ እኔም።

ናካቶ "ኦኬ" አለችና ሁለተኛውን ገመጠች። እኛ ቆመን ጠበቅን። በሞቴ የሚል ስላልነበረ ሮሌክሱ ዓይናችን እያየ አለቀ። ከመንገድ ማዶ እየተሸጠ ነበር፤ ግን በልተናል ካልን በኋላ ሄደን ገዝተን ብንበላ ምን ትለናለች? ስለዚህ ወደ ውሃው ሄድን።

ዳር ላይ አንድ ወጣት ደቡብ አፍሪካዊ አዲስ አጭር ቦርዱን አጠገቡ አጋድሞ ተቀምጧል። ነፋስ የለም አለን። ጋሽ ጌታሁን ሎንቺናን ውሃ ላይ እየገፉ "ለማን?" ብለው አለፉት። የእትዬን ቦርሳ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ሚስማር ላይ ሰቅለነዋል፤ ቦርዱ ላይ ማሰሪያ የለም፣ ስልካችንም እዚያው ነው። አንድ ዙር ብቻ ነበር የምንሄደው።

ያን ቀን ሊያሳዩኝ የፈለጉት ሎንቺና ሁለት ሰው እንደሚሸከም ነው። የመንሳፈፊያ ጃኬታችንን አጥልቀን እሳቸው ከፊት ተቀመጡ፣ እኔ ከኋላ ቆሜ ሸራውን ያዝኩ። ከየብስ ወደ ሐይቁ የሚነፍሰው የጠዋት ነፋስ በቀስታ ይዞን ሄደ። ጋሽ ፊታቸውን ወደ ፊት አድርገው፣ እግራቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው፣ ስለ ላንጋኖ ያወሩ ነበር። ጀርባቸው ብቻ ይታየኛል። ደስ ያለው ሰው ጀርባው ያስታውቃል። አንድ ዙር ያሉት ነገር ተረሳ፤ ወደ ማዶው ዳርቻ አቀናን።

ከዚያ ነፋሱ ቆመ። ሸራው እጄ ላይ ዛለ፤ ውሃው እንደ ዘይት ሆነ። ጋባ ከኋላችን ትንሽ ነጭ ነጥብ ሆናለች።

"አይዞሽ፣ የጠዋቱ ሲያልቅ የከሰዓቱ ይመጣል" አሉ። "እስከዚያ ቁጭ በይ።"

ሸራውን ውሃ ላይ አስተኝቼ ተቀመጥኩ። ፀሐዩ በረታ። ቆየን። አንድ ቢጫ የእንጨት ጀልባ ሞተሩን እያንኳኳ መጣና አጠገባችን ሲደርስ ዝም አለ። ውስጡ አንድ ጎልማሳ ዓሣ አጥማጅ መረቡን ከምሮ ተቀምጧል።

"ሴቦ፣ ኒያቦ፣ ደኅና ናችሁ?" አለን፤ ጌታዬ፣ እመቤቴ እንደማለት ነው። "ልጎትታችሁ?"

ይህችን ደቂቃ በኋላ ደጋግሜ አስቤያታለሁ። እኔ መጎተት ፈልጌ ነበር። ርቦኛል፣ ቆዳዬ እየተቃጠለ ነው፣ መዋኘት በቅጡ አልችልም። ጋሽ ጌታሁንም እንደፈለጉ በኋላ ነግረውኛል። ጋሽ ግን ፈገግ ብለው እጃቸውን አወዛወዙ።

"አይ አይ፣ ምንም አይደለም። ሥራህን እንዳናስፈታህ።"

"ደኅና ነን፣ አትቸገር" አልኩ እኔም።

ሰውየው እኛን አየ፣ የወደቀውን ሸራ አየ። "ካሌ" አለ፤ እሺ ማለቱ ነው። ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ።

ሁለታችንም እንደ ፈገግን ቀረን። እኔ በእውነት ዞሮ የሚመለስ መስሎኝ ነበር። ጀልባው እያነሰ እያነሰ ሄደ።

"ሄደ እኮ" አሉ ጋሽ ጌታሁን።

"ሄደ።"

"ደግሞ እንኳ አልጠየቀም።"

"አልጠየቀም።"

ሳቅን። ሳቁ ትንሽ ረዘመ፤ ከዚያ የሳቅሁት እኔ ብቻ መሆኔን አስተዋልኩ።

"ልጁ ሄደ" አሉ።

"አዎ ጋሼ፣ ሄደ።"

"ደግሞ እንኳ አልጠየቀም። ልጁ ሄደ እኮ።"

አንገታቸውን አየሁት። ላብ እየወረደ ጃኬታቸው ውስጥ ይገባል። ፀሐዩ ነው አልኩ ለራሴ፤ እኔንም አልቦኛል። "ጋሼ፣ ደኅና ነዎት?" ብዬ ትከሻቸውን ነካሁ፤ እየተንቀጠቀጠ ነው።

"ምን ትነካኪኛለሽ?" ብለው ጮኹብኝ። ጋሽ ጌታሁን ጮኸውብኝ አያውቁም።

ላብ፣ መደጋገም፣ ቁጣ። እትዬ አልማዝ የነገሩኝ ሦስቱም ተሟልተው መጡ፤ ቦርሳው ደግሞ ጋባ፣ ሚስማር ላይ ነው። ፈራሁ። እንዲህ ያለ ፍርሃት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላውቅም። ጣፋጭ ካላገኙ ራሳቸውን እንደሚስቱ፣ ከዚያም የባሰ ሊመጣ እንደሚችል አውቃለሁ። ዙሪያዬን አየሁ። ሐይቁ ሙሉ ውሃ ነው፤ አንዲት ቅንጣት ስኳር የለበትም።

ትንሽ ቆይተው ሊነሡ ሞከሩ።

"የት ነው ጋሼ?"

"ቤት ልሄድ ነዋ። አልማዝ ምሳ አቅርባለች።" አንድ እግራቸውን ውሃው ላይ፣ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው፣ ሊያሳርፉ ዘረጉ።

ጃኬታቸውን ከኋላ ጨምድጄ ያዝኩ። ቦርዱ ተናጠ። አጭር ቦርድ ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ ሁለታችንም ውሃ ውስጥ ነበርን፤ ሎንቺና ግን ተንገዳገደና ተመለሰ። "ጋሼ፣ እኔም እሄዳለሁ፣ አብረን ነው የምንሄደው፣ እስከዚያ ጋደም ይበሉ" አልኳቸው። ጥቂት ተጨቃጨቁኝና በሆዳቸው ጋደም አሉ። ሸራውን የምስብበት ገመድ ትርፍ ጫፍ ነበረው፤ እሱን በጃኬታቸው ማሰሪያ አሳልፌ ሸራው ቦርዱ ላይ ከተተከለበት እግር ጋር ቋጠርኩት።

ያን ጊዜ ከግራዬ፣ ከትልቁ ሐይቅ በኩል፣ ውሃው ጠቆር ብሎ ሲመጣ አየሁ። የከሰዓቱ ነፋስ መጣ። ከኋላው ደግሞ ዝናብ ያዘለ ሰማይ አለ።

ተነሥቼ ሸራውን ሳብኩ። ግማሽ ድረስ መጣና ነፋሱ ያዘው፤ ከነሸራው ውሃ ውስጥ ወደቅኩ። ስወጣ አፌ ሙሉ ሐይቅ ነው። ጋሽ ጌታሁን ቀና ሳይሉ "ምላሱን አውርጂ" አሉኝ። ከየት እንዳመጡት አላውቅም፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ የት እንዳሉ አያውቁም፣ ይህን ግን ያውቃሉ። ስጎትት ነው መሰለኝ ምላሱ ተጣጥፎ ኖሯል። በእግሬ ገፍቼ አወረድኩት። ቦርዱ እግሬ ሥር ሲረጋ ተሰማኝ። እንደገና ሳብኩ፤ ቆምኩ፤ ሸራው ነፋስ ያዘና ሎንቺና ተንቀሳቀሰ።

ጋባ ሩቅ ነው። በእኛና በጋባ መካከል፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ቢጫዋ ጀልባ ቆማ መረብ ትጥላለች። ቆመን ስንንሳፈፍ ሎንቺና ራሱ ፊቱን ወደ ጋባ አዙሮ ነበርና ወደ እሷ አመራሁ። ልንገራችሁ፣ ያን ጊዜ ያስጨነቀኝ ዝናቡ አልነበረም። መዞር ገና አልተማርኩም። ቀጥ ብዬ መሄድ ብቻ ነው የምችለው፤ ጀልባዋን ካለፍኳት አለፍኳት ነው፣ ተመልሼ አልይዛትም። ደግሞም ሎንቺና አይቸኩልም። በሌላ ቀን የወደድኩለት ነገር ያን ቀን አንጀቴን አሳረረው። "ትንሽ ፍጠን፣ ትንሽ" እያልኩ ለመንኩት። እሱ ሁለት ሰው ተሸክሞ በራሱ እርምጃ ሄደ፤ አልቆመምም፣ አልሰመጠምም።

ድምፄ ይደርሳል ብዬ ባሰብኩበት ርቀት ላይ ስደርስ መጮኽ ጀመርኩ። እርዳን፣ እርዳን፣ እርዳን አልኩ። በእንግሊዝኛም በአማርኛም አልኩት። እንዲህ አድርጌ፣ ሳይሰጡኝ፣ በራሴ አፍ ከሰው አንድ ነገር ስጠይቅ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም። ሰውየው ቀና አለ። መረቡን ለቀቀና በመቅዘፊያ ወደ እኛ መጣ። ስንደርስበት ቦርዱን በእጁ ያዘ።

"ደኅና ነን ብላችሁ ነበር" አለኝ። ሊወቅሰኝ አልነበረም፤ ግራ ገብቶት ነው።

"ደኅና አይደለንም" አልኩት። "ስኳር አለበት። ስኳር እፈልጋለሁ። አሁን።"

ከመረቡ ሥር አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ አወጣ፤ ሻይ ነው። ካምፓላ ሻይ የጠጣ ሰው ምን ያህል ስኳር እንደሚጨመርበት ያውቃል። ጋሽ ጌታሁንን ደግፈን አስቀመጥናቸው። ዓይናቸው ተከፍቷል ግን እኔን አያይም። ጠርሙሱን ከንፈራቸው ላይ ሳደርስ እጃቸውን አነሡና ገፉት።

"አይ" አሉ በቀስታ። "ጠግቤያለሁ። እናንተ ጠጡ።"

እንግዲህ አስቡት። ከራሳቸው ጋር አይደሉም፤ ስሜን ቢጠየቁ አያውቁትም። መግደርደሩ ግን በቦታው አለ። ዓሣ አጥማጁ ጠርሙሱን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ። "አልፈልግም ብሏል" አለኝ።

"ይፈልጋል" አልኩት።

ከዚያ ጋሽ ጌታሁንን በአንድ ክንዴ አቅፌ፣ እናቴ እንግዳ በምትለምንበት ድምፅ፣ "በሞቴ" አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ።

"በሞቴ ጋሼ፣ አንዴ ብቻ። አፈር ስሆን።"

"አይ... በቃኝ።"

"እኔን ይቅበሩኝ፣ ይቺን ብቻ።" እያለቀስኩ ነበር። "ካልጠጡልኝ እቀየምዎታለሁ።"

ከዚያ፣ ልክ በሦስተኛው ላይ እንደሚረታ ጨዋ ሰው፣ "እንግዲህ ካልሽ" አሉና አፋቸውን ከፈቱ። አንድ ጉንጭ ዋጡ። ሌላም ዋጡ። ግማሹ ጃኬታቸው ላይ ፈሰሰ፤ ግማሹ ገባ።

ዓሣ አጥማጁ ሎንቺናን ከኋላ አስሮ ሞተሩን አስነሣ። ዝናቡ መንገድ ላይ አገኘን። ጋባ ልንደርስ ስንል ጋሽ ጌታሁን ጀልባውን፣ ሰውየውን፣ እኔን ተራ በተራ አዩና "ይሄ ያ ልጅ አይደለም እንዴ? ተመልሶ ጠየቀ?" አሉኝ።

"አልጠየቀም" አልኳቸው። "እኔ ጠየቅኩት።"

ክሊኒክ ወሰድናቸው፤ ማታውኑ ቤታቸው ገቡ። እትዬ አልማዝ አልተቆጡም። ቦርሳውን ተቀበሉኝ፣ ከፈቱት፣ ያልተነካውን ጭማቂ አዩና ዘጉት። ያ ከቁጣ ይብሳል።

በሳምንቱ ዓሣ አጥማጁን ምሳ ጋበዝነው፤ ስሙ ሙሳ ይባላል። እትዬ ቀኑን ሙሉ ሲያበስሉ ውለዋል። ሙሳ "ብላ" ሲባል ወዲያው በላ፣ "ጨምር" ሲባል ወዲያው ጨመረ፤ ሲጠግብ "በቃኝ" አለ። እትዬ ግን በቃኝን የት ያውቃሉ? በሞቴ እያሉ ሳህኑን ሲሞሉበት ወደ እኔ ዘንበል ብሎ "ምን አጠፋሁ? በቃኝ ካልኩ በኋላ ለምን ይቆጣሉ?" ብሎ ጠየቀኝ። ላስረዳው ሞከርኩ። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው እምቢታ እምቢታ አይደለም፤ ሰው እንደምትወደው የሚያውቀው ስትደግምለት ነው አልኩት። "ሐይቅ ላይ ግን" አለ፣ "ሰው ሁለቴ ለመጠየቅ ጊዜ የለውም።"

እናንተ አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ መግደርደር ተውኩ ብል ውሸት ነው። እናቴ ቤት ስሄድ እስከ ሦስተኛው ድረስ አልረታም። የተለወጠው ሌላ ነው። እምቢ ከማለቴ በፊት ፊቴ የቆመው ማን እንደሆነ አያለሁ፤ ይህ ሰው ደግሞ የሚጠይቅ ነው ወይስ ካሌ ብሎ የሚሄድ? እኔ እምቢ ስል ደግሞ አጠገቤ ተቀምጦ የሚጎዳ ሰው አለ ወይ? ስንት ነገር በፈገግታ እንዳሳለፍኩ፣ ስንት ቢጫ ጀልባ "ደኅና ነን" ብዬ እንደሸኘሁ ሳስብ ይገርመኛል። አለቃዬ በኋላ ሌላ ኃላፊነት ልትሰጠኝ ስትጠይቀኝ "እችለው ይሆን" ብዬ አልተሽኮረመምኩም፤ እሺ አልኳት። እሷም ዓሣ አጥማጁ ዓይነት ሰው ነበረች፤ ሁለቴ አትጠይቅም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሐኪሙ ጋሽ ጌታሁንን ብቻዎን ውሃ ላይ እንዳይወጡ አላቸው። ሎንቺናን ልናጥብ ክበቡ ሄደን ሳለ፣ መጥረጊያውን አስቀምጠው፣ ሌላ ቦታ እያዩ "ሎንቺናን ውሰጂው" አሉኝ።

የሚጠበቅብኝን አውቃለሁ። ኧረ ጋሼ፣ እንዴት ተደርጎ፣ እርስዎ ገና ይነዱት የለ ወይ ማለት ነበረብኝ። እንደማይነዱት ሁለታችንም እናውቃለን። እሺ ማለት ይህንኑ በአፍ መናገር ነው፤ ከበደኝ።

"እሺ" አልኳቸው።

ዞረው አዩኝ። "ትንሽ እንኳ አትግደረደሪም?"

"ደግመው ባይጠይቁኝስ?"

ሳቁ። ከዚያ ሳቁ አለቀና ሐይቁን ማየት ጀመሩ። ስስ ነፋስ ነበር፤ ዳር ላይ ሆኖ ፊት ላይ የማይሰማ ዓይነት። ያ ደቡብ አፍሪካዊ ወጣት አሁንም አጭር ቦርዱ አጠገብ ተቀምጧል። የጭማቂውን ጠርሙስ በገመድ አንገቴ ላይ አሰርኩና ሎንቺናን ውሃ ላይ ገፋሁት።

"ከፊት ይቀመጣሉ?" አልኳቸው።

"አይ፣ ይቅርብኝ። አንቺ ሂጂ።"

"ግድ የለም፣ ይምጡ።"

"ኧረ ሂጂ፣ እኔ ከዚህ አይሻለሁ።"

እሳቸው ሙሳ አይደሉም። ቦርዱን በእጄ እንደያዝኩ ቆሜ ጠበቅኳቸው።

"በሞቴ" አልኳቸው።

ጋሽ ጌታሁን ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ማሰሪያ መፍታት ጀመሩ።